የልጅ ድንበር

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ቦሌ ገርጂ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንደኛው፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ቡና ይፈላል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ወደ ማረፊያው የሚያዘቀዝቅ አውሮፕላን ድምፅ በመስኮቱ ሲገባ ጨዋታው ለአፍታ ይገታና እንደገና ይቀጥላል። ለዓይን ሕክምና ከመንዝ የመጡት አያት ከረከቦቱ አጠገብ በዱካ ላይ ተቀምጠዋል። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ከጀርባቸው ሆና የነጠላቸውን ጥለት በጣቷ ትከተላለች።

በሩ ተንኳኳ። የመጣው የአባወራው የወጣትነት ጓደኛ ነው። በአንድ እጁ ሙዝና ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል። እንደ ወጉ ሁሉም ከመቀመጫው ብድግ አለ። እንግዳው አዋቂዎቹን ሰላም ካለ በኋላ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ነይ፣ ጋሼን ሳሚያቸው እንጂ!» አለች እናት።

«እምቢ።»

ቃሉ የተነገረው በዝግታ ነበር። ይሁን እንጂ ቤቱ ሲኒ የተሰበረበት ያህል ጸጥ አለ። እናት የምትገባበት ጠፋት። «ምን ዓይነት ባለጌ ልጅ ናት እባካችሁ!» አለች። እንግዳው ሣቀና «እኔን ነው እምቢ የምትይው?» ብሎ ልጅቱን ከነጠላው ጥላ ሥር ጎትቶ አወጣት፤ ጉንጮቿን አገላብጦ ሳማት። ልጅቱ አለቀሰች። «አልቃሻ!» ተባለች። ቡናውም ቀጠለ።

እንግዳው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፍቅሩን በለመደው መንገድ ገለጸ። እናትም ልጇን አትጠላም፤ ጨዋ ልጅ እንዳሳደገች ለማሳየት ፈለገች። ሁሉም እንደ ልማዱ አደረገ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ቃል ያልተነፈሱት አያት ብቻ ነበሩ። ጀበናውን ትኩር ብለው እያዩ ዝም አሉ።

የአያትን ዝምታ ምክንያት ለጊዜው እናቆየውና ያችን ከልጅቱ አፍ የወጣችውን አጭር ቃል እንመርምራት።

* * *

«እምቢ» በአማርኛ ትንሽ ቃል አይደለችም። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የአገሪቱን ነጻነት የሚነካ ሆኖ በተገኘ ጊዜ የተሰጠው መልስ «እምቢ» ነበር፤ መልሱም በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ጸና። ፎካሪ ሲፎክር፣ አቅራሪ ሲያቅራራ፣ አዝማሪ ሲያወድስ የሚመርጠው እምቢ ባዩን እንጂ እሺ ባዩን አይደለም። በቲያትር መድረኮቻችን ላይም ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚያጨበጭበው ገጸ ባሕርዩ «እምቢ፣ አይሆንም!» ባለበት ቅጽበት ነው። ይህችው የተከበረች ቃል ግን በስድስት ዓመት ልጅ አፍ በገባች ጊዜ ብልግና ትባላለች። ሕዝብ ሲላት ጀግንነት፣ ልጅ ሲላት ጥጋብ መሆኗ ሊያስገርመን ይገባል።

«ድንበር» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ገበሬው የእርሻውን ድንበር ድንጋይ ያውቃል። ድንጋዩን በሌሊት የሚገፋ ጎረቤት በመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ ድንበር ገፊ መባል ከሌባነት የማያንስ ነውር ነው። የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከገርጂ እስከ ጎሮ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያትና ሰሚት ያለው ሰፊ ቦታ፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት በአመዛኙ የእርሻ ማሳ ነበር። ማሳው ከተማ ሲሆን የድንበሩ ድንጋይ ወደ ግንብ አጥር ተለወጠ። ዛሬ በቦሌ መንደሮች ውስጥ የሚዘዋወር ሰው የሚያየው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ ግንብ፣ በግንቡ ላይ የተጠመዘዘ እሾሃማ ሽቦ፣ በበሩ ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ነው። በጋራ ሕንፃዎቹም ቢሆን በየደጃፉ የብረት በር አለ። ሰው ንብረቱን እንዲህ ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ አጥር ውስጥ ግን አንድ ያልታጠረ ነገር ይኖራል፤ እርሱም ልጁ ነው። ጉንጩን የሚቆነጥጥ አያስፈቅድም፤ ሣቁ ወደ ልቅሶ እስኪለወጥ ድረስ የሚኮረኩረው አያስፈቅድም፤ ደብተሩን የሚከፍት፣ ሥዕሉን በእንግዳ ፊት እያሳየ የሚሥቅበት አያስፈቅድም።

ነገሩ ከመሳምና ከመኮርኮር የሚያልፍበት ጊዜ መኖሩንም መሸሸግ አይገባም። ሕፃናትን የሚጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ በአጥር ዘሎ የሚገባ ወንበዴ አይደለም። በበር የሚገባ፣ በስሙ የሚጠራ፣ ቡና የሚቀርብለት ሰው ነው። «እምቢ» ማለት ብልግና ነው ተብላ ያደገች ልጅ ክፉ ቀን ሲመጣባት ከየት ታመጣዋለች? ሰባት ጊዜ ተነጥቃ ስምንተኛ ጊዜ «ለምን አልተናገርሽም?» ተብላ ብትጠየቅ ምን ትመልሳለች?

* * *

የዚህ ችግር ሥር በቋንቋችን ድህነት አይመካኝም። አማርኛ ስሜትን ለመግለጽ ሀብታም ነው። ሀብቱን ሁሉ ያከማቸው ደግሞ በአንድ ስፍራ፣ በሆድ ውስጥ ነው። ያዘነ ሰው ሆዱ ይብሰዋል፤ የራራ ሆዱ ይባባል፤ የተጨነቀ ሆዱን ባር ባር ይለዋል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ልቅሶ የሚቀናው ሆደ ቡቡ ነው። በመጨረሻ ግን ይህን ሁሉ የሚዘጋ አንድ መዝጊያ አለ፤ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ሆድ ግምጃ ቤትም እስር ቤትም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አዋቂ ሰው ይህን መዝጊያ በዘፈን፣ በግጥም፣ በሰምና ወርቅ ይከፍታል። ልጅ ግን ቁልፉ የለውም። ከዚህም በላይ ለልጅ የምንሰጠው የስሜት ቃል በአመዛኙ ስሜቱን ሳይሆን ማንነቱን የሚሰይም ነው። የፈራውን ልጅ «ፈርተሃል?» ከማለት ይልቅ «ፈሪ!» እንለዋለን። ያኮረፈችው «አኩራፊ»፣ ያለቀሰችው «አልቃሻ»፣ ታናሽ ወንድሟ የእናቷን ጭን ስለ ወሰደባት የከፋት ልጅ «ቀናተኛ» ትባላለች። በግሱና በቅጽሉ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። «ፈርተሃል» የተባለ ልጅ ፍርሃቱ እንደ ዝናብ መጥቶ እንደሚያልፍ ይገነዘባል፤ «ፈሪ» የተባለ ልጅ ግን ፍርሃትን እንደ ስሙ ተሸክሞ ይሄዳል። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ትምህርትን ለማበረታታት ይጠቀሳል፤ በዚህም ረገድ ቢሠራ እውነቱ አይቀንስም።

የሕፃናት ሥዕላዊ መጽሐፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲባል ሥዕል ተለጥፎበት የሚታተም ተረት ማለት ብቻ አይደለም። ቃልና ሥዕል ሥራ የተከፋፈሉበት፣ ገጽ መግለጥ ራሱ የአነጋገር ስልት የሆነበት የጥበብ ዓይነት ነው። በአንዱ ገጽ የተቆጣች ልጅ ፊት ይታያል፤ ገጹ ይገለጣል፤ ቁጣው ያልፋል። ማንም ለልጁ «ቁጣ ያልፋል» ብሎ አልሰበከውም፤ በገዛ ጣቱ ገልጦ አሳለፈው እንጂ።

የዚህን ጥበብ ኃይል ካሳዩት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ ሞሪስ ሴንዳክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ያሳተመው፣ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አውሬዎቹ ያሉበት ስፍራ» ሊባል የሚችለው መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝኛ ያለው ጽሑፍ 338 ቃላት ብቻ ነው። ማክስ የተባለ ልጅ የተኩላ ልብስ ለብሶ ቤቱን ያተራምሳል፤ እናቱ ትቆጣዋለች፤ ራት ሳይበላ ወደ መኝታው ይላካል። በዚያ ክፍሉ ውስጥ ጫካ ይበቅላል፤ ልጁ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ አስፈሪ አውሬዎች ወደሚኖሩበት አገር ይደርሳል፤ ዓይናቸውን እያየ ይገራቸውና ይነግሥባቸዋል። ቁጣው ሲሰፋ ሥዕሎቹም እየሰፉ ገጹን ይሞላሉ። ጭፈራው ጣራ ሲነካ ቃላት ጨርሰው ይጠፉና በተከታታይ ገጾች ሥዕል ብቻውን ይቆማል። ከዚያም ናፍቆት ይመጣል፤ ልጁ ይመለሳል፤ ራቱም ሳይቀዘቅዝ ይጠብቀዋል።

መጽሐፉ ሲወጣ ሁሉም እልል አላለም። ልጆችን ያስፈራል ያሉ ነበሩ። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ስመ ጥር የሥነ ልቦና ምሁር እናት ልጇን ራት ነሥታ ማስተኛቷ ሕፃናትን ያሸብራል ሲል በ1969 እ.ኤ.አ. ነቀፈው። ሕፃናቱ ግን መጽሐፉን አልጣሉትም፤ ዛሬም አልጣሉትም። የሚያስፈራውን ነገር መጽሐፉ እንዳልፈጠረው፣ ቀድሞም በውስጣቸው እንደ ነበረ ያውቁታልና።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ አንድ የቆየ አባባል ትዝ ሳይለው አይቀርም፤ «ያኮረፈ ምሳው ራት ይሆነዋል» እንላለን። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ኩርፊያና ስለ ምግብ ነው። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። የእኛ አባባል አኩራፊው ምን እንደሚቀርበት ከውጭ ሆኖ ይነግረዋል፤ ከምሳ እስከ ራት ባለው ረጅም ሰዓት ውስጥ ልጁ የት እንደ ነበረ ግን አይጠይቅም። ሥዕላዊው መጽሐፍ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ነበር፤ ነግሦ ነበር፤ ናፍቆ ተመለሰ። ምናብ ለልጅ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ቁጣው ጋር ተዋውቆ የሚመለስበት መንገድ ነው።

* * *

«ይህ የባዕድ ነገር ነው፤ የእኛ ልጅ ተረት ይበቃዋል» የሚል ቢኖር መልሱ ከራሳችን ቤት ይገኛል።

ምናብ ሰውን ከሞት እንደሚያድን የሚናገር የታወቀ ተረት አለን። ሐሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ለመጽሐፉ ርእስ እስከ መሆን ደርሷል። አንድ አገልጋይ ከጌታው ጋር ተወራርዶ ያለ ልብስና ያለ እሳት በብርዳም ተራራ ላይ ሌሊቱን ይቆማል። ከማዶ ጋራ አንድ ሽማግሌ እሳት ያነዱለታል፤ እርሱም ያችን የሩቅ ነበልባል እያየ፣ ሙቀቷን በሐሳቡ እየሞቀ ያነጋል። ጌታው «እሳት ማየት መሞቅ ነው» ብሎ ውርርዱን ሲክድ፣ ሌላ ብልህ ሰው ግብዣ ጠርቶ እንግዶቹን የወጥ ሽታ ብቻ ያጠግባቸዋል። በሐሳብ የሚሞቅ ሰው ከእኛ ተራራ ላይ የቆመ ነው እንጂ ከውጭ የመጣ አይደለም።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍሎ በአንድ ሸራ ላይ በተከታታይ የሚተርከው የአገራችን ሠዓሊ ማንበብ ለማይችል ሰው መጽሐፍ ሠርቷል። በብራና ላይ ጻድቃንን ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ፣ ክፉዎችን ግን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚሥለው ጥንታዊ ልማድ ደግሞ የሰው ውስጥ በዓይኑ ላይ እንደሚነበብ ያስተምራል። ይህን የመሰለ ውርስ ያለው ሠዓሊ የሕፃን ፍርሃት፣ የሕፃን እፍረት፣ የሕፃን ቅናት በዓይን ላይ ምን እንደሚመስል ለመሣል ከማንም አያንስም።

በቅርቡ ዘመንም መንገድ የጠረጉ አሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ ለሕፃናት ተረት የተረኩት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ፣ አዋቂ ሰው ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገሩ ክብሩን እንደማይቀንስበት ለአንድ ሕዝብ አሳይተዋል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአማርኛ የተዘጋጀ የሕፃናት መጽሐፍ አለመኖሩ ቆጭቷቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1995 ዓ.ም. በዚሁ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሾላ፣ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ«ማሞ ቂሎ» ተረት ላይ የተመሠረተው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው ባለቀለም ሥዕላዊ መጽሐፋቸውም ብዙ ልጆችን አስቋል። በነገራችን ላይ ማሞ ቂሎ ማን ነው? እናቱ የነገረችውን ሁሉ ቃል በቃል የሚፈጽም፣ «እምቢ» የማያውቅ ልጅ ነው። ቂልነቱም ከዚህ ይመነጫል። ተረቱን የፈጠረው ሕዝብ ያለማመንታት መታዘዝ ብቻውን ጥበብ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ደግሞ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የአሻንጉሊት ዝግጅት በቴሌቪዥን ጀመሩ። ቀጭኔዋ ፀሐይ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ትጠይቃለች፤ ትሳሳታለች፤ ታርማለች። ከዚሁ ድርጅት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የካርቱን ሥራም ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰሉ ጎጂ ልማዶችን የሚቃወሙ ልጃገረዶችን ባለታሪክ አደረገ።

እነዚህ ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ በመጻሕፍት መደብሮቻችን የሕፃናት መደርደሪያ ፊት ቆሞ ለሚያስተውል ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ፊደልና ቁጥር የሚያስተምረው ብዙ ነው፤ ንጽሕናንና ታታሪነትን የሚመክረው ብዙ ነው፤ በመጨረሻ ገጹ ላይ ምክር ያልጻፈ ግን ጥቂት ነው። ደራሲው ልጁን ከላይ ሆኖ ያየዋል እንጂ ጎንበስ ብሎ ከጎኑ አይቀመጥም። ብቻውን የተኛ ልጅ ስለሚሰማው ነገር፣ አባቷ ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ሌላ ከተማ ለሥራ ስለ ሄደባት ልጅ ናፍቆት፣ ሳትፈልግ ስለተሳመች ልጅ ቁጣ የሚናገር ሥዕላዊ መጽሐፍ በአማርኛ ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ከጥበቡ ቀድሟል። የተባበሩት መንግሥታት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ስምምነቱ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 36ኛ አንቀጽ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ያረጋግጣል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመት የነበረው የጋብቻ ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ 18 ሆኗል። ነገር ግን ሕግ የሚናገረው ለአዋቂ ነው፤ በልጅ አልጋ ራስጌ ተቀምጦ የሚነበብ አንቀጽ የለም። ያን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ደራሲና ሠዓሊ ብቻ ነው።

* * *

ወደ ገርጂው ቤት እንመለስ።

የልጅቱ የአጸደ ሕፃናት መምህርት የምትፈልገውን መጽሐፍ ከገበያ ባጣች ጊዜ ራሷ ለመሥራት ተነሣች። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዎችን ሰብስባ በነጩ ጀርባቸው ላይ ሣለችባቸው፤ በመርፌና በክር ሰፋቻቸው። የመጽሐፉ ባለታሪክ ኤሊ ናት። ኤሊ ቤቷን በጀርባዋ ትሸከማለች፤ ሲከፋት ትገባበታለች። ዝንጀሮ መጥቶ ድንጋይ ልብሷን ይደበድባል፤ ዝሆን «ፍቅሬ ነው» እያለ በኩምቢው ያነሣታል፤ አያ ጅቦ «አንቺ አኩራፊ!» ይላታል። ኤሊ አትወጣም። በስተመጨረሻ ርግብ ትመጣና ራቅ ብላ ቆማ «መቅረብ ይቻላል?» ብላ ትጠይቃለች። ኤሊ «ዛሬ አይቻልም» ትላለች። ርግብ ትሄዳለች። በማግሥቱ ኤሊ ራሷ ወጥታ ርግብን ትፈልጋለች። በሌላ ገጽ ደግሞ ኤሊ ሳታስፈቅድ የርግብን ጎጆ ስትነካካ ትገኛለች፤ ያን ጊዜ ይቅርታ ጠያቂዋ እርሷ ናት። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቤት ይሥልበታል።

መጽሐፉ በተራ ወደየልጆቹ ቤት ይላክ ነበርና አንድ ምሽት ገርጂ ደረሰ። እናት ወጥ ቤት ነበረች። ልጅቱ መጽሐፉን ይዛ ወደ አያቷ ጭን ሄደች። አያት ፊደል አልቆጠሩም፤ ሥዕል ግን ያነባሉ። በቅርቡ የታከሙትን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው እያንዳንዱን ገጽ በጣታቸው ዳሰሱ። ዝሆኑ ኤሊን በኩምቢው ካነሣበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህችስ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

«እምቢ አለች፣ እማማ።»

«ሰሟት?»

«ዝሆኑ አልሰማም። ርግቧ ግን ሰማች።»

አያት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ለልጅ እንደሚወራ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው ቀጠሉ። «እኔም ብዬ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሽማግሎቹ መጥተው፣ ድግሱ ተደግሶ፣ ሙሽራው በበቅሎ ደርሶ። ከጎታው ኋላ ገብቼ እምቢ አልኩ። ሣቁ። ጎትተው አወጡኝ።» ገጹን ገለጡ። «ይህች ኤሊ ዕድለኛ ናት።»

እናት ከወጥ ቤት በር ላይ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ነበር። ይህን ታሪክ በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ስልሳ ዓመት ገደማ በሆድ ውስጥ የኖረ ቃል በአሮጌ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በተሣለች ኤሊ ምክንያት ወጣ። ልጅቱ በዚያች ምሽት በባዶው ገጽ ላይ ቤት ሣለች፤ ልጆች እንደሚያደርጉት ግድግዳው ውስጡን የሚያሳይ ቤት ነው። ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ነጠላ ለብሳለች። የበሩ እጀታ በውስጥ በኩል ነው።

እንግዲህ «ልጅን እንዲህ ካስተማሩት ስድ ይሆናል፤ ታላቅ አያከብርም» የሚለው ስጋት ይነሣል። ስጋቱ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። እንግዳ መቀበል፣ ታላቅን ማክበር፣ ቆሞ ሰላም ማለት የዚህ ሕዝብ ትልቅ ሀብት ነው፤ በአዲሱ ከተማ የብረት በሮች መካከልም ሊጠፋ አይገባም። ነገር ግን አክብሮት ተጎትቶ ከወጣ አክብሮት መሆኑ ይቀራል። የራሷ ድንበር ሲከበርላት ያየች ልጅ የሌላውንም ድንበር ለማክበር ከማንም የተሻለ ትማራለች፤ ኤሊ ለርግብ ይቅርታ የጠየቀችበት ገጽ የተሠራው ለዚህ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው እንግዳ፣ ያው ፌስታል፣ ያው ቡና። እንግዳው እጁን ዘርግቶ ወደ ልጅቱ ሲዞር አያት ከዱካቸው ላይ ሆነው «ቆይ ልጄ፤ መጀመሪያ ጠይቃት» አሉት። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሣቀ፤ የአያትን ፊት ሲያይ ግን ሣቁን አቆመ። እናት እንደ ባለፈው አልተቆጣችም፤ ወደ ልጇ አየች እንጂ። እንግዳው ትንሽ ተደናግሮ ጎንበስ አለ።

«ሰላም ልበልሽ?»

ልጅቱ አሰበች። ማሰቧ ረዘም ያለ ነበር፤ ማንም አላጣደፋትም። ከዚያም ከነጠላው ጥላ ሥር በራሷ እግር ወጣች፤ የቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን ሰጠችው። በመንዝም ሆነ በቦሌ ከዚህ የበለጠ ጨዋ ሰላምታ የለም።

አያት ቶናውን ቀዱ።